ሆሳዕና አልሞተችም

ምንተስኖት አበራ ወልቂጤ ላይ ሥነ ልቦናና ሶሻል ወርክ የሚያስተምር፣ ተማሪዎቹ የሚወዱት መምህር ነበር። «የአእምሮ ሕመም የቤተሰብ ነውር አይደለም» ሲል ከተማሪዎቹ መካከል ዓይኗን የምታብስ አትጠፋም። ምን ያደርጋል... ለሌላው የሚራራው አንጀቱ በገዛ እህቱ ላይ ጨክኖ ነበር።

እህቱ ሆሳዕና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ጋር ቡታጅራ ትኖራለች። አሥረኛ ክፍል ሳለች አእምሮዋ ታወከ፤ ጠበሉም አላዳናትም። ጩኸቷ ጎረቤት ሲያስመርር እናትና ልጅ ከተማው ዳር የጭቃ ቤት ተከራዩ። ምንተስኖት ያንን ቤት አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም። ሊያገባ ሲል ለእጮኛው ለሰላም «እህት ነበረችኝ፤ ሞታለች» አላት። በሠርጉ ዕለት አማቶቹ ወለተ ሐናን «የልጅዎን ነፍስ ይማር» ሲሏቸው፣ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። አንገቱን ደፋ። «አሜን» አሉ። ቤት ትተዋት ለመጡት ልጅ አሜን ማለት... ይህስ ከሞት በምን ይሻላል?

በ2006 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ለመስክ ትምህርት ቡታጅራ ይዞ ሄደ። የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ «አንዲት ታማሚ አለች፤ እናቷ ብቻቸውን ነው የሚያስታምሟት» ብላ ከአንድ የጭቃ ቤት አደረሰቻቸው። በሩ ተከፈተ። እናቱ ነበሩ።

ወለተ ሐና ተማሪዎቹን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ገባቸው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና «ይግቡ መምህር» አሉት። የወለዱትን ልጅ አንቱ አሉት።

ሆሳዕና እግሯ በገመድ ከምሰሶው ታስሮ ጥግ ተቀምጣለች። ስታየው ፊቷ በራ።

«ምንቴ... መጣህ?»

ረድኤት የምትባል ተማሪ ወደ እሱ ዞረች። «ታውቅዎታለች እንዴ መምህር?»

«ሕመሙ ነው፤ ሰው ይምታታባታል» አላት።

«እውነታቸውን ነው» አሉ ወለተ ሐና መሬት መሬት እያዩ። «ያየችውን ሁሉ ወንድሜ ትላለች።»

ወንድ ልጃቸውን ከሐፍረት ለማዳን በሴት ልጃቸው ላይ መሰከሩ!

ምንተስኖት በሳምንቱ ብቻውን ሊመለስ አሰበ። በምን ፊቱ? ዛሬ ነገ ሲል ክረምት ገባ፤ ወለተ ሐና የሳንባ ምች ይዟቸው፣ ለማንም «አመመኝ» ሳይሉ አረፉ።

ለለቅሶው ሚስቱ ሰላምም፣ ባልደረቦቹም፣ ተማሪዎቹም ከወልቂጤ መጡ። ተማሪዎቹ ቤቱን ሲያውቁት በር ላይ ቀጥ አሉ። ምንተስኖት ከድንኳኑ ተነሥቶ ቆመ።

«እናቴ ናት» አለ። «ውስጥ ያለችውም እህቴ ናት። አልሞተችም፤ እኔ ነኝ በአፌ የገደልኳት።»

ሰላም በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ገብቶ የእህቱን ገመድ ፈታ። ሆሳዕና ዙሪያዋን አየች። «እማዬስ?» አለችው።

ሆሳዕናን ወልቂጤ ወስዶ አሳከማት። በጥቂት ወራት ውስጥ እንቅልፏ ተመለሰ፤ ጸጉሯን ራሷ ተሠራች። እንዲህ ቀላል ነበር? ይህን ሳያዩ ነው እናቱ ያለፉት? ሕመም ዕጣ ነው፤ ማንም መርጦ አይታመምም። ወለተ ሐና በዚያ ቤት ብቻቸውን የቀሩት ግን በዕጣ አልነበረም።

በሙት ዓመታቸው ሆሳዕና መቃብሩ አጠገብ ተንበረከከች። «እማዬ፣ ተሻለኝ እኮ» አለች። ከኋላዋ የቆመው ወንድሟ ቀና ማለት አቃተው።