እንኳን አብሮ ደስ ያለን

ነገሩ የጀመረው በዶሮ ነው። ፍቅር በዶሮ ይጀመራል ወይ የሚል ካለ ሆሳዕና መጥቶ ገነቴን ይጠይቅ።

ገነቴ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ጊምቢቹ ተወልዳ አድጋ፣ ሆሳዕና ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በዚያ ዓመት የተማሪዎቿ ክበብ የሚያረባቸው ዶሮዎች እንቁላል መጣል አቆሙ፤ ያም አልበቃ ብሏቸው ላባቸውን እርስ በርስ ይነቃቀሉ ጀመር። በሽታ ገባ ተብሎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተጠራ። የመጣው ዘርአብሩክ የሚባል፣ ረጋ ያለ፣ ጫማው ጭቃ የለበሰ ወጣት ነበር።

መርፌ ያወጣል ብላ ስትጠብቅ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ዝም ብሎ ዶሮዎቹን ማየት ያዘ። ከአጥሩ ወዲያ በቅርቡ የተከፈተው የብረት በር መሥሪያ ብረት ሲቆርጥ ጆሮ ይበሳል።

«አልታመሙም» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«ተጨንቀው ነው፣ ቲቸር።»

ገነቴ ሳቋ አመለጣት። «ዶሮ ደግሞ በምን ትጨነቃለች? የቤት ኪራይ የለባት!»

እሱም ሳቀ። «ይሄ ድምፅ ስታስተምሪ አይረብሽሽም?»

«ለምጄዋለሁ።»

«እነሱም ለምደውታል። ለምደውት ነው እንቁላል ያቆሙት። ጆሮ ይለምዳል፣ ሰውነት ግን አይረሳም።»

ዶሮዎቹ ወደ ወዲያኛው አጥር ተዛወሩና ብዙም ሳይቆዩ መጣል ጀመሩ። ዘርአብሩክ ግን መምጣቱን አላቆመም። ጤነኛ ዶሮ ሊያክም በየሳምንቱ የሚመላለስ ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተማሪዎቹ ነቅተውባቸዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ወስዳ የቀይ ሽንኩርት ስስ ሽፋን በማይክሮስኮፕ አሳየችው። ጨው ያለበት ውኃ ጠብ ስታደርግበት የሴሉ ውስጠኛ ክፍል እየተኮማተረ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ግድግዳው ግን እንደቆመ ነው» አለ ዓይኑን ሳያነሣ።

«አዎ፣ ከውጭ ለሚያየው ምንም አልሆነም። ንጹሕ ውኃ ቶሎ ካገኘ ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«ከዘገየስ?»

«ከዘገየማ አይመለስም።»

ቀና ሲል ፊቷ እዚያው አጠገቡ ነበር። ሁለቱም ፈቀቅ አላሉም። ከዚያ ወዲህ «ቲቸር» ሲላት ድምፁ ሌላ ነበር።

የእሷ አባት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የእሱ ወላጆች ደግሞ ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና ላይ በንግድ የኖሩ፣ ጾም የማይገድፉ ኦርቶዶክሶች። ገነቴ ለአባቷ ነገረቻቸው። ሲቆጡም ሲጸልዩም ሰነበቱና «እስቲ ሽማግሌ ይላክና እናያለን» አሉ። ከዚህ የተሻለ ከእሳቸው አይጠበቅም ነበር።

«ከመስቀል በኋላ እልካለሁ» አላት ዘርአብሩክ።

መስቀል አለፈ። ከእሱ የመጣው አንድ የስልክ መልእክት ብቻ ነበር፤ «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይነሣም። ሥራው ወደ ሙዱላ ከተማ ተዛውሯል ሲባል ሰማች።

ያልሰማችው ይህን ነው። ዘርአብሩክ ነገሩን ለቤተሰቡ በተናገረ ዕለት አባቱ አቶ ወልደኪዳን ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ሱቃቸው ውስጥ ወደቁ። እናቱም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ «የዚያችን ልጅ ስም ደግመህ ካነሣህ አባትህን የገደልከው አንተ ነህ» አሉት። እሱ ደግሞ ሲጨንቀው አፉ የሚዘጋ ሰው ነው። ለዶሮ ያወቀውን ለራሱ ማወቅ ተሳነው።

ገነቴም በበኩሏ ማንም እንዳያውቅባት ጥርሷን ነክሳ ማስተማሯን ቀጠለች። ሳቋ እንኳ አልጎደለም። አንድ ጠዋት ስታበጥር ግን እፍኝ የሚሞላ ጠጉር ከማበጠሪያው ጋር ወጣ። ከጆሮዋ በስተኋላ ክብ ሆኖ የተራቆተ ቦታ በጣቷ ዳሰሰች። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቦታ ተራቆተ፤ ከዚያም ሌላ።

የቆዳ ሐኪሙ ራሷን አገላብጦ አየና «በቅርቡ ያስጨነቀሽ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«የለም» አለች። ጭንቀት ሕይወት ያለውን ነገር ምን እንደሚያደርግ ስታስተምር የምትውል ሴት፣ ለራሷ ሲሆን «የለም»!

እናቷ ከጊምቢቹ መጥተው የራሳቸውን ሻሽ አሰሩላት። በእኛ አገር ደግሞ ሻሽ ያሰረች ወጣት ባል አላት ማለት ነው። ተማሪዎቿ «ቲቸር፣ ሳትጠሪን አገባሽ?» ብለው ክፍሉን በጩኸት ሞሉት። ሳቀችላቸው እንጂ አላረመቻቸውም። በሽተኛ ከመባል ሙሽራ መባል ይሻላል አለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ሥራ ጨርሳ ስትወጣ ዘርአብሩክ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ከስቷል። ኮት ለብሷል፤ ጫማው ተወልውሏል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ሻሹ ወጣና እዚያው ቀረ። የበራው ፊት ሲጠፋ ገነቴ ቆማ አየችው።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቲቸር» አለ።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇ ሳታዘው ወደ ማጅራቷ፣ ወደ ሻሹ ቋጠሮ ሄደ። አንድ ጊዜ መሳብ ብቻ ነበር። ግን ተማሪዎች በበሩ እየጎረፉ ነው፤ ከሻሹ ሥር ያለው ደግሞ ለወደዱት ሰው የሚያሳዩት አይደለም። ከሁሉም በላይ ተናዳበት ነበር። ያን ሁሉ ወር ስልክ ያላነሣ ሰው፣ ዛሬ መጥቶ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ይደመድማል? ይቃጠል አለች በልቧ፤ እኔ እንደተቃጠልኩ እሱም ይቃጠል።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። የገነቴ አፍ ግን አልከዳትም፤ ያዘዘችውን ነው ያደረሰላት።

«ጥሩ ሰው ነው?»

«በጣም ጥሩ ሰው ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለና መንገዱን ተሻገረ። ማዶ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ነጠላ ያጣፉ አዛውንቶች ተቀምጠው ነበር። እሱ ሲደርስ ተነሡና ተከታትለው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ገነቴ ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች መሰሏት።

ነገ እደውልለታለሁ አለች። ነገም ነገን እየወለደ ዓመት አለፈ። ጠጉሯ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ፣ ኋላም እየጠቆረ ተመልሶ በቀለ፤ ሻሹን ለእናቷ መለሰች።

በተከታዩ ዓመት ሰኔ ላይ ፈተና ለመቆጣጠር ከሌላ ትምህርት ቤት ከመጡት መካከል አንድ አረጋዊ መምህር ነበሩ። በሻይ ሰዓት ደጋግመው ሲያዩዋት ቆዩና ጠጋ አሉ።

«አንቺ ነሽ አይደል፣ ልጄ? ይበልጣል እባላለሁ፣ የዘርአብሩክ አጎት። አምና ቀድመሽን አገባሽ እንጂ ሽማግሌ ሆነን መጥተን ነበር እኮ! አባቱ ራሳቸው ናቸው የላኩን። ‹ልጄ አፉ ተዘግቶ ከሚያልቅብኝ ያቺኑ ያግባ› ብለው። እሱ ‹መጀመሪያ እሷን ላናግር› ብሎ ሻይ ቤት አስቀምጦን ሄደ…»

ገነቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አሁን የት ነው ያለው?»

«አርባ ምንጭ። ጥር ላይ ዳርነው።»

ከዚያ አቶ ይበልጣል ቀለበት የሌለውን ጣቷን አዩ፤ ፊቷን አዩ። ሽማግሌ ናቸውና ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«ወይኔ ልጄ!» አሉ ቀስ ብለው።

«አይንገሩት» አለቻቸው።

አልነገሩትም። ይህ የታወቀው ዓመታት አልፈው፣ በዘንድሮው መስቀል ዋዜማ፣ አገር ሁሉ ወደ ቤተሰቡ በሚጎርፍበት ቀን፣ ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ነው።

«ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰምታ ዞረች። ዘርአብሩክ ትንሽ ሴት ልጅ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቆሟል። ከጎኑ ያለችው ባለቤቱ ሶስና ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። ፊቱ ሞልቷል፤ ሌሊቱን ተኝቶ የሚያድር ሰው ፊት ነው።

«ባለቤትሽ ደህና ነው?» አላት።

የዚህን ጥያቄ መልስ ገነቴ ለዓመታት ስታሰናዳ ኖራለች። አላገባሁም፤ ታምሜ ነበር፤ ካንተ ሌላ ማንም አልነበረም። ብትናገረው እሷ እፎይ ትላለች። እሱ ግን እንቅልፉን ያጣል፤ ምንም ያላጠፋችው ሶስናም ባሏ ለምን ዝም እንዳለ ሳታውቅ መክሳት ትጀምራለች። ያን ጊዜ ይቃጠል ብላ ነበር። አሁን እንዲቃጠል አልፈለገችም።

«ደህና ነው» አለች።

«እስከ ዛሬ ስሙን እንኳ አልነገርሽኝም። ማን ይባላል?»

ገነቴ አፏን ከፈተች። አንድ የወንድ ስም መጥራት ምን ይከብዳል? አገሩ ሁሉ ስም ነው። አፏ ላይ የመጣላት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ የስሙ ባለቤት ደግሞ ፊቷ ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

«ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው የቀረው ዱራሜ!» ረዳቱ ይጮሃል።

«ውይ፣ መኪናዬ ሊሄድብኝ ነው!» አለችና ሕፃኗን ስማ፣ ሶስናን ስማ፣ እየሮጠች ገባች። በመስኮት እጇን አወዛወዘችላቸው። እነሱም ሚኒባሱ ከመናኸሪያው እስኪወጣ ድረስ እጃቸውን አላወረዱም።

ከከተማው ሲወጡ ረዳቱ ዞር ብሎ «እህቴ፣ ዱራሜ ነሽ?» አላት።

«አዎ» አለች።

ልትሄድ የነበረው ጊምቢቹ ነው፤ እናቷ ለመስቀል እየጠበቋት ነበር።