የነጩ ሳጥን ምስክርነት

የኮምፒውተር ጠጋኟ ሦስቴ አንኳኩታ መልስ ስታጣ የአርክቴክቱን ቢሮ በር ገፋ አድርጋ ገባች፤ ገብታም ክው ብላ ቀረች። አርክቴክቱ ከጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተዘርሯል። የድንጋይ ጠረጴዛው ማዕዘን ግንባሩን ሰንጥቆታል፤ ከሸሚዙ ደረት ላይ አንድ ቁልፍ ተነቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ትናንት እሷው የተከለችው አዲሱ ኮምፒውተር፣ መጽሐፍ የማያህል ቀጭን ነጭ ሳጥን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ያበራል። አጠገቡ ረስታው የሄደችው ካቻቢቴ ተጋድሟል። መጀመሪያ የጮኸችው ለሟቹ ነበር፤ ሁለተኛ ስትጮህ ግን ለራሷ ፈርታ ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ሆኗል።

መርማሪው ሲጠይቅ እንቅልፍ የሚጥለው የሚመስል አጭር ሽማግሌ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ተሸውዷል። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ክፍሉን ዞሮ አየና እሷን አስቀድሞ ጠራት።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ፣ ልጄ።»

«ተከራከርን እንጂ አልተጣላንም። ‹ጋሼ፣ የገዙት መልኩን ነው፤ በዚህ ዋጋ እጥፍ ጉልበት ያለው ጥቁር ሳጥን ይገኝ ነበር› አልኳቸው። ይሄ ቀጭን እንዲሆን ተብሎ ማራገቢያ እንኳ አልተገጠመለትም። ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። አሮጌው ማሽን በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን የሕንፃ ሥዕል ይሄ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል።»

«እሳቸውስ?»

«ተቆጡ። አመሻሽ ላይ ግን ደውለው ‹ነገ አራት ሰዓት ነይ፣ የወሰንኩትን እነግርሻለሁ› አሉኝ። ይኸው ሳልሰማው ቀረሁ።»

«አሮጌውስ የት ነው?»

«ትናንት ከሰዓት ወደ ሱቄ ወስጄዋለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጪ ተባለች። በሩ ገርበብ ስላለ የውስጡ ንግግር ይሰማታል። እንግዳ የምትቀበለው የሟች ታላቅ እህት እያለቀሰች መለሰች።

«የወንድሜ ማሽን ሥራ ላይ ሲሆን እንደ ወፍጮ ቤት ነው የሚጮኸው። እሱ ሲጮህ ማንም አያንኳኳም፤ ዝም ሲል እንገባለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ሕጋችን ይሄ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ሦስት ተኩል ላይ ሰላም ብዬው ፖስታ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ይቺ ትጮሃለች። ትናንትም ስትጮህበት ሰምቻለሁ!»

ቀጥሎ የገባው የሟች ሸሪክ ነው፤ ኮቱ ላይ አንዲት ጉድፍ የማይወድ፣ የቢሮውን ዕቃ ሁሉ የሚመርጥ ሰው።

«ነጩን ሳጥን እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ጌታዬ። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጠረጴዛው ላይ ነዋ። ትናንት ሲተከል ግን የግንባታ ቦታ ላይ ነበርኩ።»

«ዛሬ ሟችን አይተዋቸዋል?»

«አላየሁትም። ልክ አራት ሰዓት ላይ በበሩ ሳልፍ ማሽኑ ይጮኻል። ሥራ ይዟል ብዬ ሳላንኳኳ ሄድኩ።»

«ከዚያ በኋላ ማን ገባ?»

ሸሪኩ በአገጩ ወደ ኮሪደሩ ጠቆመ።

ጠጋኟ ሰዓቱን አሰላች። አርክቴክቱ አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ከነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ልጇን በዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት የሚቀበልላት ሰው የለም። ብትታሰርስ? የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቦርሳዋን አዝላ የምትጠብቅ ሕፃን ታየቻት፤ ከዚያ በኋላ የሚባለው ሁሉ በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

መርማሪው ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ልጄ፣ ነጩን ሳጥን ከሁሉ የከበደውን ሥዕል አሠሪው።»

ጠጋኟ አዘዘችው። መርማሪው በሩን ዘጋ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ አምስት ደቂቃ አለፈ። እህትየው የሳጥኑን ጀርባ ነክታ እጇን መለሰች፤ ግሏል።

«ምን ድምፅ ይሰማችኋል?»

«ምንም» አለች እህትየው።

ጠጋኟ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሸሪኩ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እንግዲህ» አለ መርማሪው ወደ ሸሪኩ ዞሮ፣ «እህታቸው ሦስት ተኩል ላይ ደህና ትተዋቸው ወጥተዋል። እርስዎ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ማሽኑ ሲጮህ ሰማሁ ይላሉ። የሚጮኸው አሮጌው እሷ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ይሄኛው ማራገቢያ ስለሌለው መጮህ አይችልም። መልኩን መረጡለት እንጂ አንድ ቀን አልሠሩበትም፤ ሥራ ካለ ጩኸት አለ ብለው ስድስት ዓመት ለምደዋል። የሞተን ሰው እስከ አራት ሰዓት በሕይወት ማቆየት ለማን ይጠቅማል? መሞቱን ለሚያውቅና አራት ሰዓት ላይ ማን እንደምትመጣ ለሰማ ሰው ነው። አሁን የቀረችን አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ናት።»

የሸሪኩ እጅ ሳያስበው ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ። መርማሪው ቀድሞ ያዘው፤ ቁልፏም ከኪሱ ወጣች።

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም!» አለ ሸሪኩ እየተርበተበተ። «‹ሳጥኑን ልመልሰው ነው፣ ጠጋኟ አራት ሰዓት ላይ ስትመጣ ይዛው ትሂድ› አለኝ። ‹አንተ መልክ የሚያይ ዓይን ብቻ ነህ፤ ከእንግዲህ ለየብቻ እንሥራ› አለኝ። ስድስት ዓመት አብሬው ለፍቼ!»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ጠጋኟ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። እህትየው ዓይኗን ማየት አፍራ ቆየችና ቀስ ብላ ጠየቀች።

«አሮጌውን ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩትም፣ እትዬ።»

«መልሰሽ አምጪልኝ።»

«ይጮህብዎታል እኮ፤ አሁን የሚሠራበትም ሰው...»

«ይጩህ» አለች እህትየው። «ዝም ሲል እንደ ድሮው ገብቼ አየዋለሁ።»