የወጌሻዋ አውራ ጣት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር፣ ከአምቦ በስተ ምዕራብ በእጃጂ ዙሪያ ያለው ገጠር ጭር ብሎ ነበር፤ የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ገበሬውን ጎጆውን አስፈርሶ ከኮረብታው ማዶ በረድፍ አስፍሮታል፤ በአሮጌው መንደር የቀረው የምድጃ ድንጋይና የቁልቋል አጥር ነው። ከከተማው ክልል ገብታለች ተብላ ያልፈረሰችው አንዲት ቤት የወይዘሮ ወርቅቱ ጂራ ነበረች።

ወርቅቱ ወጌሻ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሰበረውን ጠግናለች፣ የወለቀውን መልሳለች፤ ዐይኗ አውራ ጣቷ ነበር። አሁን ግን የቀኝ አውራ ጣቷ ሥር አብጦ፣ መገጣጠሚያው አልቆ፣ የማሰሮ ክዳን ማንሣት እንኳ አቃታት። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏ ሞቷል፤ ደጇን የሚረግጠው የተሰበረ ሰው ብቻ ነበር። እጇ ከቀረ ያም ይቀራል።

ስለዚህ እልኋን ዋጥ አድርጋ፣ ዐሥር ዓመት ሲሰድባት ወደ ኖረው የጤና ጣቢያ ቁስል አካሚ ድሬሰር፣ ወደ ጉርሙ ሄደች።

«አዴ ወርቅቱ! እዚህ ድረስ መጥተው በሽተኛዬን ሊወስዱብኝ ነው?»

«አፍህን ተወውና ትልቁ ሆስፒታል የሚያስገባኝን ወረቀት ጻፍልኝ።»

ወረቀቱ አዲስ አበባ አደረሳት። ዶክተር ከበበው የሚባሉ የአጥንት ሐኪም ያለቀችውን ትንሽ አጥንት አውጥተው፣ በምትኳ ከባሕር ማዶ የመጣች ጎማ መሳይ መገጣጠሚያ ተከሉላትና እጇን በጄሶ ጠቀለሉት።

«እናቴ፣ አሮጌውን አውጥተን አዲስ ተክተናል። ስድስት ሳምንት እንዳይፈታ፤ ሥጋው አቅፎ ካልያዛት ትወጣለች።»

«እሺ፣ ጌታው» አለች። አልሰማችም አይባልም፤ አላመነችም እንጂ። አጥንት ይጠገናል፤ ይለወጣል ያለ ማን ነው?

ወጌሻ ደግሞ ያሰረውን በዘጠነኛው ቀን ይፈታል፤ ዳብሶ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ መልሶ ያስራል። ዘጠነኛው ቀን ሲደርስ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ወርቅቱ ክንዷን የሚይዝላት ሰው ከጧት ጀምራ ጠበቀች፤ መንገዱ ላይ ማንም አልታየም። ጄሶውን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋ በቢላዋ ቀደደችው። በግራ አውራ ጣቷ ብትዳብስ ከጣቷ ሥር አንድ ሙልጭልጭ ያለ፣ የሚሸሽ ነገር አገኘች። ወልቋል! እጇን በጉልበቶቿ መካከል ቆልፋ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ሺህ ጊዜ በሰው ላይ እንዳደረገችው ገፋችው፤ ገባ። በቀርከሃ አሰረችውና ላቧን ጠረገች።

በሦስተኛው ቀን ጉርሙ ሊጠይቃት መጣ።

«ማል ጎተን፣ አዴ? ምን አደረጉ? ጄሶው የታለ?»

«ወልቆ አገኘሁት፤ መለስኩት።»

«ምኑን ነው የመለሱት! አጥንት አይደለም እኮ! ዶክተሩ የተከሏት ናት!»

ወርቅቱ ያበጠ እጇን ዘረጋችለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዐሥር ዓመት ‹በዘጠነኛው ቀን ትፈታለች› እያልህ አሳጣኸኝ። እንደምፈታው አታውቅም ነበር?»

ጉርሙ ወደ አዲስ አበባ የሚመልሳትን ወረቀት ጻፈላት።

ከቦታዋ የወጣችውን ጎማ ዶክተር ከበበው አውጥተው ወረወሯት፤ ሌላ አልነበራቸውም። ሕመሙ ሄደ፤ ጉልበቱም አብሮት ሄደ። በሰኔ፣ ከአዲሱ መንደር አንድ አባት ክርኗ የወለቀ ልጁን በበቅሎ ይዞ መጣ። ወርቅቱ ክርኑን ዳበሰች፤ ከየት ወዴት መገፋት እንዳለበት አወቀች፤ ገፋች፤ ጣቷ ታጠፈ። ልጅቱ ጮኸች።

«ወደ ጉርሙ ውሰዳት» አለችና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ደጇን የረገጠ የለም።

የቀጣዩ ዓመት የጤና ሪፖርት በእጃጂ ጣቢያ የታከመው ስብራት በእጥፍ መጨመሩን ይመሰክራል፤ ምክንያቱም የሰፊው ሕዝብ ንቃተ ኅሊና ማደጉ ነው ይላል። ከግርጌው የፈረመው ጉርሙ ነው፤ እውነቱን ያውቅ ነበር፤ ለወርቅቱ እጅ ግን በቅጹ ላይ የተተወ መስመር አልነበረም።