ከሰኮናው ሥር ያለው ፊት

በሰንደራ መንግሥት፣ የመጀመሪያው ዝናብ በሚጠበቅበት ሳምንት፣ ከየቤቱ ደጃፍ በላይ የተሰቀሉት ሜዳልያዎች ፊት አወጡ።

ሜዳልያዎቹ ቅጂዎች ናቸው። ጥንታዊውና እውነተኛው በድል አድራጊው ንጉሥ በደርማስ ደረት ላይ ብቻ ይውል ነበር። ምስሉ ግን በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ ንጉሡ ጦሩን አንሥቶ ይጋልባል፣ ከፈረሱ ሰኮና ሥር አንድ ሰው ተንጋሎ ይረገጣል። የተረገጠው ሰው ፊት የለውም። እጁ እንዲቆረጥ የማይፈልግ ቀራጭ ሁሉ ያን ቦታ ልሙጥ አድርጎ ይተወዋል። ደርማስ ለዘመቻ ሲነሣ ልሙጡ ነሐስ በራሱ አፍንጫና አገጭ ያወጣል። ፊቱ የታየው ሰው ተይዞ፣ የጦር ከበሮ በሚመታበት ቀን በአደባባይ በንጉሡ ፈረስ ይረገጣል። ከዚያ በኋላ ደርማስን የሚያቆመው ሠራዊት የለም። የሰንደራ ሰው ደግሞ ፊቱ የራሱ አለመሆኑን አይቶ እፎይ ይልና ቁርሱን ይበላል።

ያን ጠዋት ቀራጯ ሰዋሪት እፎይ አላለችም። የወጣው ፊት የታናሽ ወንድሟ የብርዋን ነበር፤ ያ ቀጭን ፊት፣ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አጥባና አጉርሳ ያሳደገችው። ወታደሮቹ ሲወስዱት ጫማውን እንኳ አላስጠለቁትም።

ጎረቤቷ ጋሽ ጎሽሜ በወጣትነቱ የንጉሡ ጦር ተሸካሚ ስለነበር፣ በቅጂዎቹ ሁሉ ላይ የሚወጣው ምስል የሚመነጭባት እናቲቱ ማኅተም የት ተራራ ውስጥ እንዳለች ያውቅ ነበር። ሰዋሪት እግሩ ሥር ተቀመጠች።

«መንገዱን ብቻ ይንገሩኝ» አለችው።

«ነግሬሽ ብቻሽን ብትሄጂ ዋሻዋን የሚጠብቀው አውሬ፣ ቆርፌው፣ ይበላሻል። አብሬሽ እሄዳለሁ። ግን ስሚኝ፤ ጋላቢው ከማኅተሟ ላይ ከተፋቀ ደርማስ ይወድቃል። ሲወድቅ ከሰኮናው ሥር ያለውንም ይዞ ነው። ወንድምሽን ከዚያ ሳታወጪ ጋላቢውን እንዳትነኪ።»

ሰዋሪት መቅረጫዋን ወደ ላይ አንሥታ ማለች፦ «የሰንደራ ሰማይ ይስማኝ፣ ምድሯም ትመስክርብኝ። ብርዋንን ከዚያ ሰኮና ሥር ሳላወጣ ብመለስ ይህ እጄ ይድረቅ።»

ጎሽሜ ምንም አልማለም፤ ጦሩን ሳለ። ሚስቱ እትዬ ደብሪቱ ስንቅ ቋጥራ ስታበቃ ሰዋሪትን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት። «እንቅልፋም ነው፣ በደረሳችሁበት ሁሉ ይተኛብሻል። ታገሺውና በደህና መልሺልኝ።»

መንገዳቸው ደርማስ ባቃጠላቸው አገሮች ውስጥ ያልፍ ነበር። ከተማ በነበረበት ቦታ በሩ ብቻ ቆሟል፤ በየበሩም ላይ ያው ሜዳልያ ተቸንክሯል። ሰዋሪት አንዳንዶቹን አወቀቻቸው። የራሷ ሥራዎች ነበሩ፣ ጥሩ ዋጋ የተከፈለባቸው።

ቆርፌው የዋሻው አፍ ላይ ጠበቃቸው። በሬ ያህላል፣ ዓይን የለውም፤ የሚያድነው የሰው ትንፋሽ አሽትቶ ነው። ገና ሳይዘጋጁ ዘሎ ሰዋሪትን ከመሬት ደባለቃትና ጉሮሮዋ ላይ አፉን ከፈተ። ጎሽሜ የግራ ክንዱን እስከ ክርኑ አፉ ውስጥ ከተተ። አውሬው አጥንቱን እያደቀቀ ሳለ፣ ጎሽሜ በቀኝ እጁ ጦሩን በላንቃው በኩል ወደ ላይ ሰደደው።

ሰዋሪት እያለቀሰች ክንዱን አሰረችለት። «ምን ያስለቅስሻል» አላት። «የምበላው በቀኜ ነው።» ደሙ ቆመ። የሚገድል ቁስል አልነበረም፤ ይህን ሰዋሪት በደንብ ታውቃለች። ከዚያ ወደ ዋሻው ገብተው ጎሽሜ ከእናቲቱ ማኅተም አጠገብ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው።

ማኅተሟ ከአለቱ ጋር የተያያዘች ጥቁር ብረት ነበረች፤ ምስሉ ወደ ውስጥ ተቆፍሮባታል። ሰዋሪት የብርዋንን ፊት ዝም ብላ ፋቀችው። ፊቱ ከሥር መልሶ ወጣ። በማኅተም ላይ መቆፈር እንጂ መሙላት የለም። የቀረው መንገድ፣ ማኅተም የቀረጸ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ነው፤ ከብርዋን ፊት የሚሰፋ የሌላ ሰው ፊት፣ ሰውየው እፊቷ ሆኖ እያየችው፣ በላዩ ላይ አጥልቃ መቅረጽ።

በጦሩ ብረት ላይ የራሷን ፊት አየች። እንደ ወንድሟ ቀጭን ነው፣ አይሸፍነውም። ደስ አላት። በመደሰቷም አፈረች።

የጎሽሜ ፊት ሰፊ ነበር።

ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋች። ብትጠይቀው እሺ ይል ይሆናል፤ ክንዱን ሳትጠይቀው ሰጥቷታል። እምቢ ቢልስ? እምቢ ካለ በኋላ የሚቀረጽ ፊት ከየት ታመጣለች? በሩቅ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ከሰንደራ ተነሥቶ ከኮረብታ ኮረብታ የሚቀባበለው የጦር ከበሮ መመታት ጀመረ። እጇን መለሰችና መቅረጫውን ያዘች።

በዕድሜዋ እንደዚያ አሳምራ ቀርጻ አታውቅም። ፊቱን ጨርሳ መዶሻዋን ወደ ጋላቢው አዞረች፤ ዘውዱን፣ ዓይኑን፣ ጦሩን ቆፍራ ቆፍራ ቅርጽ የሌለው ጉድጓድ አደረገችው። በሰንደራ አደባባይ ደርማስ ከነፈረሱ በጀርባው ወደቀ። በዋሻው ውስጥ የማይታይ ሰኮና የጎሽሜን ደረት ሰበረው።

ዓይኑን ገለጠ።

«ጨረስሽ እንዴ?» አላት።

መልሷን ሳይሰማ ሞተ።

ሰዋሪት ስትመለስ ከተማው በእልልታ ተቀበላት። ብርዋን ቀጭን ፊቱን አንገቷ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። በየደጃፉ ላይ ያሉት ቅጂዎች ሁሉ ተለውጠው ነበር፤ ጋላቢው የነሐስ እብጠት ሆኗል፣ ከሥሩ ዓይኑን የከደነ ሰፊ ፊት ተኝቷል። ሽማግሌዎቹ እንድትናገር ግድ አሏት። እሷም በአደባባዩ ቆማ «ጋሽ ጎሽሜ ወዶና ፈቅዶ ፊቱን ስለ ፊታችን ሰጠ። ‹ቅረጪኝ› ብሎ እፊቴ ተቀመጠ» አለች። ሕዝቡ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሲወጣ ያን ፊት ዳሰስ አድርጎ ይወጣል።

እትዬ ደብሪቱ አርባው እስኪወጣ ከቤቷ አልወጣችም። ከዚያ አንድ ቀን ከደጃፏ ላይ ያወረደችውን ሜዳልያ ይዛ ወደ ሰዋሪት የቅርጽ ሥራ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እጅሽ የተባረከ ነው» አለች። «አፉን እንኳ አልሳትሽውም። ወደ ግራ ጠመም ብሏል።»

«እትዬ፣ እሱ…»

«እንዲህ የሚጣመመው እንቅልፍ ሲወስደው ብቻ ነው።»

ሰዋሪት መቅረጫዋን አስቀመጠች። ደብሪቱ አልጮኸችም፣ አልረገመችም። ሜዳልያውን አንሥታ ከሰዋሪት መቀመጫ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ሰቀለችው። ቀጥ ማለቱን አየት አደረገችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ብርዋን በር ላይ ከእሷ ጋር ተላልፎ ገባ። «እትዬ ደብሪቱ ምን አለችሽ?»

«ሥራዬን አመሰገነች» አለች ሰዋሪት።