ያልረጋው ወተት

ማመን ቢከብዳችሁ አልቀየማችሁም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። የሆነውም በእኔ እጅ ነው።

ጥቅምት 1974 ዓ.ም.፣ በሱዳን ጠረፍ፣ ኮኪት አጠገብ፣ የሰሊጥ አጫጆች ሰፈር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት።

ታላቅ ወንድሜ ጀምበሩ ሰሊጥ ያጭዳል። እኔ የእትዬ ባየሽን ላሞች አልባለሁ። ወተቱን የሚገዙት አጫጆቹ ናቸው።

በዚያ ሙቀት ጠዋት የታለበ ወተት ማታ ይረጋል።

የእትዬ ባየሽ ወተት ግን... ሦስት ቀን ቢቀመጥም አይረጋም።

ምክንያቱን አውቃለሁ። ከሱዳን የሚመጣ ቀይና ቢጫ እንክብል ነበር። የላም ጡት ባበጠ ቁጥር ዱቄቱን ያጠጧታል። የተረፈውን፣ ወተቱ እንዳይበላሽ፣ እኔ የወተቱ ጀሪካን ውስጥ እጨምራለሁ።

"እትዬ፣ ሰው አይጎዳም?" አልኳቸው አንድ ቀን፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ሳቁ።

"መድኃኒት ሰው ይጎዳል? እንዲያውም በነጻ እያከምኳቸው ነው! አንተ ዓይነ አፋር፣ ሂድ ለላሟ ንገራት።"

ዱቄቱን መጨመሬን ቀጠልኩ። ጀምበሩም በየቀኑ ጠጣ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኝ ነበር...

ዝንብ። አገሩ ሁሉ ዝንብ ነው። በዚያ ወተት ላይ ግን አንድም አያርፍም።

አንድ ቀን ጀምበሩን ማጭድ ቅልጥሙ ላይ ቆረጠው። ትንሽ ቁስል ናት። ጡቷ ያበጠውን ላም እያለብኩ ነበር። እጄን ሳልታጠብ ሮጬ አሰርኩለት።

በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ስፈታው ጠረኑን አወቅሁት።

የላሟ ጡት ጠረን ነው።

ቁስሉ ላይም... ዝንብ የለም።

በሰሊጥ መኪና ጭነን መተማ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ፈረደ ያንኑ ቀይና ቢጫ እንክብል ሰጠው። አምስት ቀን ዋጠ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቆረ።

ፈረደ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከ።

"ይህን መድኃኒት ከዚህ በፊት ወስዶ ያውቃል?"

መሬት መሬት አየሁ።

"ስማ፣ ቁስሉ ከለመደው በእንክብሉ አይድንም። ሌላ መርፌ አለኝ። ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ። እውነቱን ንገረኝ!"

ቀና ስል እትዬ ባየሽ በሩ ላይ ቆመዋል። ጀምበሩን ሊጠይቁ ወተት ይዘው መጥተዋል።

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።



"ወስዶ አያውቅም" አልኩ።

ፈረደ መርፌውን ለሌላ በሽተኛ ወጋ።

ጀምበሩ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ረጅም አየኝ። ሰምቶ ነበር።

"ማሩ... ወተቱን አቀብለኝ።"

ግማሽ ጣሳ ጠጣ። ግማሹን መለሰልኝ።

"የቀረው የአንተ ነው።"

በማግስቱ ቀበርነው። እትዬ ባየሽ ከሁሉም በላይ አለቀሱ። ሲመለሱም "ነገ በጠዋት ታልባለህ" አሉኝ።

አለብኩ።

ጀምበሩ የተወልኝን ጣሳ መድፋት አልቻልኩም። በቆርቆሮ ሳህን ከድኜ ጎጆዬ ውስጥ፣ ጥግ ላይ አኖርኩት።

በአርባኛው ቀን፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ከፈትኩት።

ነጭ ነው። ጣቴን ነከርኩ...

ለብ ያለ ነው።

ላዩ ላይ አረፋ አለ። አሁን የታለበ ይመስላል። አረፋው በቀስታ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል... ከፍ ይላል። እንደሚተነፍስ ሰው።

ዞር አልኩ። የሰፈሩ ዝንብ ሁሉ ጎጆዬ በር ላይ ተከምሯል። አንድም አይገባም።

የነከርኩትን እጄን ዘረጋሁላቸው።

ሁሉም በአንዴ ሸሹ።