የቡሬው ወፍጮ ሪሌ

ካላመናችሁ ቡሬ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ የምነግራችሁ ቆሜ ያየሁትን ነው።

1999 ዓ.ም.፣ ጠራራ ቀትር። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ወፍጮ ቤት።

የወፍጮውን መብራት የዘረጋሁት፣ ሞተሩን የሚያስነሣውን ሪሌም የገጠምሁት እኔ ነኝ። ባለወፍጮው መልካሙ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ሲያጸዳ ሞተሩ ድንገት ተነሣና ቺንጋው ጎትቶ ገደለው።

ታላቅ ወንድሙ ይርሳው «በራሱ ነው የተነሣ፤ የዚህ ሰውየ ሪሌ ወንድሜን በላው» አለ። ጠመንጃውን ከትከሻው አያወርድም። እኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ... ደም ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ የዛፍ ላይ እንቅልፍ ሆነ።

ሽማግሌዎች «ሪሌው በፊታችን ይፈተን» አሉ። ጥፋቱ የሪሌው ከሆነ እኔ አበቃልኝ።

ወፍጮ ቤቱ ከቀብሩ ወዲህ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ቀትር ስንገባ ግን ትኩስ ዱቄት ይሸታል...



ሪሌውን ፈትቼ ጆንያ ላይ አስቀመጥሁት። ውስጡ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። መብራት ሲያልፍበት አጠገቡ ያለውን ብረት ይስባል፣ ሞተሩ ይነሣል።

መፈተሻዬ ቀላል ናት። የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ፣ መብራቱን የሚቀንስ አንድ ሬዚስተርና የመብራት መለኪያ ባለመርፌ ቴስተር፣ በተራ የተያያዙ። ብረቱን ለመሳብ አቅም የላትም። ሽቦው ደህና ከሆነ መርፌው ይነሣል። ከተበጠሰ አይነሣም።

መጀመሪያ አዲስ ሪሌ አያያዝሁ። መርፌው ተነሣ።

ከዚያ የወፍጮውን...

ምንም።

ሽፋኑን ከፈትሁ። ሽቦው ተበጥሷል፤ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ይዟል።

«ይህ ከሞተ ቆይቷል» አልሁ። «በራሱ ሞተር አያስነሣም። መልካሙ ሳይነግረኝ ብረቱን በጣቱ እየተጫነ ነበር የሚሠራ። ያን ቀን ግን እሱ እጁ ቺንጋው ላይ ነበር፤ ብረቱን የተጫነው የሌላ ሰው ጣት ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መሪጌታ ሀብተሚካኤል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ።

«ይርሳው... ያን ቀን ከወንድምህ ጋር ማን ነበር?»

«እኔ... ብቻየን።»



«ይህ ሰውየ ይዋሻል!» አለና ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደገነ።

ያኔ...

ጠቅ!

ባትሪውን ነቅያለሁ። የወፍጮውን ሪሌ ማንም አልነካውም። ብረቱ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ የሆነ ነገር ተጭኖታል።

«በስመ አብ...» አሉ መሪጌታ።

ይርሳው ጮኸ። ጠመንጃው ወደቀ።

ሌባ ጣቱ በዱቄት ነጥቷል። በጋቢው ጠረገው። ተመልሶ ነጣ። አሁንም ጠረገው...

ዱቄቱ ከጣቱ ጫፍ እየፈሰሰ እግሩ ሥር ይከመር ነበር።