አጃቢ የሚፈቅደው አንቀጽ

መርከቡ ማርስን ያለፈው ተሳፋሪው ቁርስ ሲበላ ነው። ቀይዋን ዓለም በመስኮት ለማየት ከወንበሩ የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ትናንት ሲያዩዋት ውለው ሰልችታቸዋለች። አቶ አስናቀም አልተነሡም። እሳቸውን ከፍርፍራቸው ያናጠባቸው ሌላ ነገር ነው። ኢንሹራንሱ ሳይጠየቅ ልክፈል አለ።

«ጉዞዎን አቋርጠው ዛሬ ወደ ምድር ቢመለሱ ሙሉ ወጪው በካርድዎ ዋስትና ይሸፈናል» አላቸው በጆሯቸው ውስጥ ያለው ድምፅ።

አቶ አስናቀ ጉርሻቸውን መሶቡ ላይ መለሱት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኢንሹራንስ ካሳ መርማሪ ነበሩ። እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ የመጣ ሰው «እስቲ ተራመድና አሳየኝ» ሲባል ሰምተዋል፤ ባዩም ራሳቸው ናቸው። ኢንሹራንስ ሳይለመን ሰጠ ማለት፣ ጅብ የሥጋ አደራ ጠበቀ እንደማለት ነው። ነገር አለ።

ድምፁ ዋስ ይባላል። ዋስ ማለት እጅ አንጓ ላይ ከቆዳ ሥር በሚቀበረው ክሬዲት ካርድ ውስጥ የሚኖር፣ የካርዱን የጉዞ ኢንሹራንስ የሚያስተዳድር አሳቢ መሣሪያ ነው። የመርከብ ሽርሽሩን በካርዱ የከፈለ ሰው ዋሱን በምራቂ ያገኛል። አቶ አስናቀም በዚሁ ተማምነው ሌላ ኢንሹራንስ አልገዙም። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ እታገኝ ግን ሲሸኟቸው «በምራቂ የመጣ ነገር ለክፉ ቀን አይሆንም፤ ደህናውን ግዛ» ብለዋቸው ነበር። እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓቸው እሳቸው ስለሆኑ፣ ጠጉራቸው ከሸበተም በኋላ እንደ ልጅ ነው የሚመክሯቸው።

«ለሁሉም ተሳፋሪ ነው ይሄ ቸርነት?»

«ለእርስዎ ነው።»

«ምን ሆንኩና?»

ዋስ ዘገየ። አሳቢ መሣሪያ ሲዘገይ አቶ አስናቀ አይተው አያውቁም።

«ይህን እንድመልስ አልተፈቀደልኝም። መላሽዋ ጀልባ ግን ከምሳ በኋላ ትሄዳለች።»

መላሽ የሚሏት ጉዞ ያቋረጠን ሰው የምትመልሰውን ትንሿን ጀልባ ነው። እሷ ካመለጠች መርከቡ ጁፒተርን ዞሮ እስኪመጣ ዓመት ይሞላል።

አቶ አስናቀ ወደ ክፍላቸው ገብተው ለወይዘሮ እታገኝ ልጅ ለይትባረክ ድምፅ ላኩ። ምድር ሩቅ ስለሆነች መልሱ የመጣው ተላጭተው ከጨረሱ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጠበል ሄዳለች፤ እዚያ ደግሞ ስልክ አይፈቀድም። እኛ ደህና ነን። እርስዎ ብቻ ራስዎን ይጠብቁ።»

ደጋግመው ሰሙት። ልጁ በየቀኑ «ዛሬስ ምን አዩ? ፎቶ ይላኩልኝ» እያለ ሲነዘንዛቸው የከረመ ነው። ዛሬ ምንም አልጠየቀም። ሳይጠየቅ ደህና ነን የሚል ሰው ደግሞ በሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን ደህና ሆኖ አያውቅም። መጀመሪያ የመጣላቸው የለመዱት ጥርጣሬ ነው፤ ልጁ በስሜ የሐሰት ካሳ ጠይቆ ይሆን? ወዲያው በራሳቸው አፈሩ። ይትባረክ የሰው እርሳስ እንኳ የማይነካ ልጅ ነው።

መዝናኛው አዳራሽ ሲገቡ ወይዘሮ ውዴ ገበጣውን ዘርግተው ጠበቋቸው። ወይዘሮ ውዴ ከፊት ለፊታቸው ያለው ክፍል ተሳፋሪ ናቸው፤ ጉዞው ከተጀመረ ጀምሮ በጠዋት በጠዋቱ ገበጣ ያሸንፏቸዋል፤ ማሸነፉ ሳይበቃቸው ይተርቧቸዋል። ዛሬ ግን አልተረቡም። ጠጠሩን ያለ ቦታው እየጣሉ ተሸነፉ።

«ምን ነክቶዎት ነው ዛሬ?» አሉ አቶ አስናቀ።

«እጄ ከበደኝ።» ወይዘሮ ውዴ ቀና ብለው አላዩዋቸውም። «ሾርባ ላምጣልዎት? ቁርስ በቅጡ አልበሉም አሉኝ።»

«ማን አለዎት?»

«አይ፣ እንዲያው መስሎኝ ነው።» ጠጠሩን እየቆጠሩ፣ «እኔም መርከቡ ሰልችቶኛል። እርስዎ የሚመለሱ ከሆነ አብሬዎት እመለሳለሁ» አሉ።

ትናንት ማታ «የጁፒተርን ጨረቃዎች ሳላይ ብሞት ዓይኔ አይከደንም» ሲሉ የነበሩ ሴት ናቸው። አቶ አስናቀ ጠጠሩን በመዳፋቸው እያንቀረቀቡ አሰቡና ዋስን በሹክሹክታ ጠየቁት።

«ወይዘሮ ውዴ ከኔ ጋር ቢመለሱ የሳቸውን ማን ይከፍላል?»

«ዋስትናዎ ይሸፍናል። አጃቢ ተፈቅዶልዎታል።»

ጠጠሩ ከመዳፋቸው ተንጠባጥቦ ወለሉ ላይ ተበተነ።

የታመመ ሰው ለብቻው ይመለሳል። የተዘረፈም ለብቻው ይመለሳል። አጃቢ የሚፈቅደው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ወጣት መርማሪ ሳሉ ከአለቆቻቸው ጋር ተጨቃጭቀው ያስገቡት ራሳቸው አቶ አስናቀ ናቸው። «ሐዘንተኛ ለብቻው መንገድ አይወጣም» ብለው ነበር ያን ጊዜ። እንዲህ ዞሮ ይመጣብኛል ብለው አላሰቡም።

ጠበል ሄዳለች፣ አሉ በልባቸው። ጠበል ነው የሄደችው። ከዚያ ያለፈውን ሐሳብ ገፍተው መለሱት።

ወይዘሮ ውዴ ጎንበስ ብለው ጠጠሩን ይለቅማሉ። ይትባረክ በመርከቡ ላይ አለሁ የሚላቸው ያገር ሰው ፈልጎ እሳቸውን ማግኘቱ ግልጽ ነው። ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ የሰው እንባ ተሸክመው ነው ያረፈዱት።

ያኔ ዋስ እንደገና ተናገረ። «የእርስዎ መመለስ በጥርጣሬ ታግዷል። ከይትባረክ ሁለት ቃል ደርሶኛል፤ አንዱ ለእኔ የተነገረ፣ አንዱ ለእርስዎ። ሁለቱ አይስማሙም። የእኔ ሥራ ውሸት መያዝ ነው። ጥርጣሬ ሲነሣ ማሰማት ይፈቀድልኛል፤ ለእኔ የነገረኝን ላሰማዎትና እርስዎ ይፍረዱ።»

«እንዳታሰማኝ።»

«ምክንያቱን የማያውቅ ደንበኛ ጉዞ ሊያቋርጥ አይችልም። ሕጉ ነው።»

«ሕጉን አውቀዋለሁ» አሉ አቶ አስናቀ። «ስማኝ ልጄ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በገበጣ መሐል አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ሊነጋ ሲል ይመጣል፤ ይዞ ያስቀምጣል። ከዚያ ነው የሚነገረው። አሁን ብትነግረኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ብረት ውስጥ ለብቻዬ አልቅሼ ነው የምከርመው። ወይም መንገዱን ሁሉ እንደ እብድ ስጮህ ነው የምሄደው። ልጁ ምንም አልሰረቀህም። እስክደርስ ሊያቆየኝ ነው።»

«ዋሽቶዎታል ማለት ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ውሸታም ሳሳድድ ኖሬያለሁ። ይሄ ከነዚያ አይደለም።»

«ቢሆንም የሚመለሱበትን ምክንያት በአንደበትዎ መናገር አለብዎት። ያለዚያ እገዳው አይነሣም።»

ወይዘሮ ውዴ መልቀሙን ተዉ። አቶ አስናቀ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እውነቱን ከተናገሩ መርዶውን ራሳቸው ለራሳቸው አረዱ ማለት ነው። ዝም ካሉ ጀልባዋ ትሄዳለች፤ ለእትዬ አርባ እንኳ አይደርሱም።

«ምክንያቴ» አሉ በመጨረሻ፣ «እትዬ ጠበል ሄዳለች። ልጠይቃት ነው።»

ዋስ ዘገየ፤ ከጠዋቱ ይልቅ ረዘም አድርጎ ዘገየ። የሞተ ሰው ጠበል እንደማይሄድ ያውቃል። ሲሠራ ጀምሮ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ቃል እንዳያሳልፍ ነው።

«ይትባረክ ለእርስዎ ያለውና እርስዎ ያሉት ተስማምተዋል» አለ። «እገዳው ተነሥቷል። ሻንጣዎን ያዘጋጁ።»

በመንገድ ላይ ወይዘሮ ውዴ ከአጠገባቸው አልራቁም። ገበጣ ተጫወቱ፣ ስለ ልጆችና ስለ ዝናብ አወሩ፤ ስለ ጠበሉ ማንም ምንም አላነሣም። አቶ አስናቀ አንዳንዴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይቆያሉ፤ ያኔ ወይዘሮ ውዴ የሚሠሩት ነገር ይፈልጋሉ።

ምድር ቀርባ፣ የአዋሽ ሜዳ ወደብ መብራት በጨለማው ውስጥ ሲታይ፣ ጀልባዋ ፍጥነቷን ቀነሰች።

«ምነው ዘገየን?» አሉ አቶ አስናቀ።

«ትንሽ ብልሽት ነው» አለ ዋስ። «ብዙ አያቆየንም።»

አቶ አስናቀ በግድግዳው ላይ ያሉትን መለኪያዎች ተመለከቱ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። አንዱም አልተበላሸም። እንዲህ ጀማሪ የሆነ ውሸታም አይተው አያውቁም። ወደ መስኮቱ ዞረው፣ በምሥራቅ በኩል በምድር ጠርዝ ላይ ቀጭን ብርሃን እየመጣ መሆኑን አዩ፤ ገባቸው።

«እሺ፣ ይጠገን» አሉት። «አትቸኩል።»

ሊነጋ ሲል አረፉ። ወደቡ ላይ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። ነጠላቸውን እንደ ወትሮው ነው የለበሱት፤ አንዳቸውም ገና አላዘቀዘቁም። ይትባረክ ከሽማግሌዎቹ ፊት ሆኖ ይጠብቃል። ከኋላቸው ባዶ ወንበር አለ።

ወይዘሮ ውዴ ክንዳቸውን ያዙላቸው። አቶ አስናቀ ወርደው እስከ ወንበሩ ድረስ ሄዱ፤ ተቀመጡ።

«እትዬ ከጠበል ተመለሰች?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።